አባቴ በካንሰር ምክንያት አንድ ኩላሊቱ ወጣ፤ የቀረችውን እንዴት እንጠብቃት?

የቡሬ ልጅ፦

ሰላም ናችሁ ቤተሰብ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

አባየ 62 ዓመቱ ነው፣ ቡሬ ዙሪያ ገበሬ ነው። በክረምቱ ሽንቱ ደም እየቀላቀለ ሲያስቸግረው አልትራሳውንድ ታየ፣ ቀጥሎ ሲቲ ስካን፣ ከዚያ አዲስ አበባ ሪፈር ተባለ። ግራ ኩላሊቱ ላይ ትልቅ ዕጢ ነበር። ካንሰር ነው ተባለና ኩላሊቱ ከነዕጢው ወጣ። ሌላ ቦታ አልተሠራጨም ብለውናል፣ ተመስገን። ቁስሉ ድኗል፣ ይበላል፣ አሁን ችግራችን እርሻ ካልወረድሁ ማለቱ ነው።

እኔን ያስጨነቀኝ የቀረችው አንዷ ናት። ከቀዶ ጥገናው በፊት ክሪያቲኒኑ (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ ልክ) 1.0 ነበር። እንደወጣለት 1.5 ገባ። አሁን አራት ወር ሆኖት ስናሠራ 1.4። ወረቀቱ ላይ ወደ ላይ የሚያሳይ ቀስት አለበት። ሐኪሙ "ጥሩ ነው፣ ውሃ ይጠጣ፣ በስድስት ወር ተመለሱ" ብሎ ሸኘን። ከኋላችን ወረፋው በር ላይ ተጨናንቆ ስለነበር ብዙ መጠየቅ አልቻልሁም። ጥሩ ከሆነ ቀስቱ ምንድን ነው?

ሌላው ግፊት አለበት። አምሎዲፒን ታዞለታል፣ ሲሻለው ይተወዋል፣ ራሱን ሲያመው ይጀምረዋል። ጉልበቱንም ያመዋል፤ ገበያ የወጣ ቀን አንድ ክሊኒክ ጎራ ብሎ ዲክሎ የሚሏትን መርፌ ተወግቶ እየዘለለ ይመጣል። ጎረቤቱ ደግሞ ሁሉም ሐኪም ሆኗል። አንዱ በቀን አምስት ሊትር ውሃ ይላል፣ አንዱ ሥጋ በዞረበት እንዳይዞር ይላል፣ አክስቴ ኩላሊት የሚያጥብ ሥር የሚሰጥ ሰው አግኝታ ቀጠሮ ይዛለች። በዚህ ላይ ሁዳዴ እየመጣ ነው፣ እስከ 9 ሰዓት ውሃ የማይቀምስ ሰው ነው። እውነት የሚጠቅመው የቱ ነው? ያለፈበት ወይም ሙያው የሆነ ሰው ይንገረኝ።

ነርሷ ከማርቆስ፦

እንኳን አባትህን ማረልህ ወንድሜ። ከቀስቱ እንጀምር።

ላቦራቶሪው ቀስት የሚያደርገው ሁለት ኩላሊት ካለው ሰው ጋር እያነጻጸረ ነው፣ አባትህ አንድ እንዳላቸው ማሽኑ አያውቅም። ክሪያቲኒን ለብቻው ብዙ አይናገርም፤ ከዕድሜና ከጾታ ጋር ተሰልቶ ኩላሊቱ በደቂቃ ስንት ሚሊ ሊትር ያጣራል የሚለው ነው ቁም ነገሩ። ጂኤፍአር ይሉታል። ለ62 ዓመት ወንድ 1.0 ማለት ወደ 85 ነው፣ 1.4 ማለት ወደ 57። ልብ በል፣ ግማሹ አልሄደም። ሁለት ሦስተኛው አለ። አንዱ ሲወጣ የቀረው በሳምንታት ውስጥ ማደግና ከበፊቱ በላይ ማጣራት ይጀምራል። ሐኪሙ "ጥሩ ነው" ያለህ አውቆ ነው፣ ለማስረዳት ጊዜ አጣ እንጂ።

ከ60 በታች ሆኖ ሦስት ወር ካለፈው ካርዱ ላይ "ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ደረጃ 3" ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ያን አይታችሁ ለቅሶ እንዳትቀመጡ። ዋናው ቁጥሩ ባለበት መርጋቱ ነው። 1.4፣ 1.4፣ 1.3፣ 1.4 እያለ ዓመታት ከሄደ ሰላም ነው። 1.4፣ 1.6፣ 1.9 ካለ ግን አንድ ነገር እየጎዳቸው ነው። ስለዚህ ከተቻለ ሁልጊዜ አንድ ላቦራቶሪ አሠሩ፣ ወረቀቶቹን በአንድ ፌስታል ጠብቁ። ሌላ የማይነገር ነገር፣ በምርመራው ዋዜማ ማታ ጥብስ በደንብ ከተበላ ክሪያቲኒኑ ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል። በበዓል ማግስት የሚሠራ ሰው ስንቴ በከንቱ ደንግጦ መጥቷል።

አሁን ወደ መርፌዋ። ከጻፍኸው ሁሉ እኔን ያስደነገጠኝ እሷ ናት። ውሃውም ሥጋውም ይቆይ፣ መጀመሪያ ዲክሎፌናክን አስቁም። ወደ ኩላሊት የሚገባውን ደም ሥር ከፍቶ የሚይዝ ንጥረ ነገር አለ፣ ዲክሎፌናክ የሚያጠፋው እሱን ነው። ሁለት ኩላሊት ያለው ጤነኛ ሰው አንድ ቀን ቢወጋ ላይታወቀው ይችላል። አንድ ያለው፣ ግፊት ያለበት፣ ፀሐይ ላይ ውሎ ውሃ ያልጠጣ ሰው ሲወጋ ግን ኩላሊቱ ደም አጥሮት በቀናት ውስጥ ሊዳከም ይችላል፣ እንኳንስ ገበያ በወጣ ቁጥር። መርፌ ሆነ ክኒን ለውጥ የለውም።

ግፊቱም በስሜት አይወሰድም። ራስ ሲያም የሚዋጥ፣ ሲሻል የሚተው መድኃኒት አይደለም። ብዙ ጊዜ ግፊት ምንም ምልክት የለውም፣ ኩላሊትን የሚያበላሸውም ዝም ብሎ ነው። ከ130/80 በታች ቢሆን ጥሩ ነው። ሐኪሙን የሽንት ፕሮቲን እንዲያይላችሁ ጠይቁት፣ በስትሪፕ የሚሠራው ጤና ጣቢያም አለ። ፕሮቲን እያፈሰሰ ከሆነ ኤናላፕሪል ወይም ሎሳርታን ሊጨምር ወይም ሊቀይር ይችላል፣ እነሱ ግፊቱንም ያወርዳሉ ኩላሊቱንም ይጠብቃሉ። እነሱ ከተጀመሩ ግን በአንድ ሁለት ሳምንት ውስጥ ክሪያቲኒንና ፖታሺየም መታየት አለበት። ስኳርም ካልታየ ይታይ።

ባለ አንዷ፦

እኔም ባለ አንዷ ነኝ ወንድም ዓለም፣ ፍኖተ ሰላም። የኔም በካንሰር ነው የወጣው፣ በ2009። ዛሬም ጤፍ አስነፋለሁ፣ እንጀራ እጋግራለሁ፣ ልጅ እድራለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ አባትህን እንደ በሽተኛ አታስቀምጡት።

ነርሷ ያልነካችውን እኔ ልንገርህ፣ ጨው። ባለሙያዎቹ በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይለፍ ይላሉ፣ 5 ግራም ማለት ነው። እኛ ቤት ያ ማንኪያ ገና ምሳ ሳይደርስ አልቋል። ቆጥረህ እየው። በርበሬው ሲደለዝ ጨው ገብቶበታል፣ ሽሮው ሲመጠን ገብቶበታል፣ ወጡ ሲሠራ እንደገና ይጨመራል፣ ቂጣው አለ፣ ቆሎው አለ። ከዚያ ደግሞ ቡናው! ገጠር ቡና በጨው ነው የሚጠጣው፣ አባትህም ከሦስቱ ስኒ አንዱንም ያለ ጨው አይቀምሱ ይሆናል። እኔ የጀመርሁት ከቡናው ነው። ባሌ "ይሄ ቡና ነው እጣቢ?" አለኝ። ይበል። ቀጥሎ በርበሬና ሽሮ ያለ ጨው አስፈጭቼ ለብቻ አስቀመጥሁ፣ ወጡ ላይ ብቻ በመጠኑ ጣል አደርጋለሁ። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ጥቁር አዝሙድ ሲበረታ ጣዕሙ አይጓደልም። ግፊቴ ከመድኃኒቱ ጋር ተባብሮ ወረደ።

ጾሙን በተመለከተ። የጾም ምግብ ራሱ ጠላት አይደለም፣ ሽሮ ምስር ጎመን ለኩላሊት ከቁርጥ ይሻላል። የሚጎዳው ሌሊት ተነሥቶ ቤተ ክርስቲያን ቆይቶ፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ አርሶ ወይም ገበያ ሄዶ እስከ 9 ሰዓት ውሃ ሳይቀምሱ መዋሉ ነው፣ የጧቱ ክኒንም አብሮ ይቀራል። አንተ ብትነግራቸው አይሰሙህም፣ "የዘንድሮ ልጅ" ይሉሃል። የነፍስ አባታቸውን አስነግር። እኔ ሄጄ ጠየቅኋቸው፣ ለታመመ ሥርዓቱ እንደሚያቀል ነግረው ውሃና መድኃኒት በጧት እንድወስድ ፈቀዱልኝ፣ ከፍስኩ ከጾምሽ በቃሽ አሉኝ። አባትህ እንዲህ ያለውን ከቄስ አፍ ካልሰሙ አይዋጥላቸውም።

ጠበልም ቢሄዱ ይሂዱ። መጠመቁ ምንም አይል። ሌሊት በጆግ እየተቀዳ እስኪያስመልስ መጠጣቱና ክኒኑን ጥሎ መክረሙ ነው ችግሩ። መድኃኒትና ጠበል አይጣሉም፣ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው የኤችአይቪ መድኃኒት ከጠበል ጋር ይወሰድ ብለው በአደባባይ ተናግረዋል።

የባህል መፍትሔ፦

ወገኖች አትድከሙ። ኩላሊትን በ21 ቀን የሚያጥብ፣ ካንሰርም እንዳይመለስ የሚያደርግ ከሰባት ዓይነት ሥር የተቀመመ አለን። ጎንዮሽ ጉዳት የለውም ምክንያቱም ተፈጥሮ ነው። በውስጥ መስመር።

ነርሷ ከማርቆስ፦

ጎንዮሽ ጉዳት የለውም? እንዶድም ተፈጥሮ ነው፣ ወንዝ ውስጥ ሲጨመር ዓሣ ይገድላል። ኮሶም ተፈጥሮ ነው፣ የበዛበትን ሰው እናቶቻችን ያውቁታል። ምን እንደሆነ፣ ስንት ግራም እንደሆነ የማይነገር ሰባት ሥር አንድ ኩላሊት ላላቸው ሽማግሌ ልትሰጥ ነው? ኩላሊት ደግሞ አይታጠብም፣ እሱ ራሱ ነው አጣቢው፤ በቀን ወደ 180 ሊትር የሚሆን ፈሳሽ እያጣራ አብዛኛውን መልሶ ወደ ደም ይከታል። ጠያቂው፣ የአክስትህን ቀጠሮ ሰርዝ። ዳማከሴ ለጉንፋን ቢያሸቱ፣ ጤናዳም ቡና ላይ ጣል ቢያደርጉ አልከለክልም፣ ተዘፍዝፎ በጠርሙስ የሚመጣውን ነው የምልህ።

ፋርማሲስት ባህር ዳር፦

ሁሉም ጥሩ ብሏል፣ የመድኃኒቱን ልጨርሰው። ሰው "ዲክሎ ተውሁ" ይልና አይቡፕሮፌን ይወስዳል። ያው ናት። አይቡፕሮፌን፣ ኢንዶሜታሲን፣ ናፕሮክሲን፣ ፒሮክሲካም ሁሉም አንድ ቤተሰብ ናቸው። በተለይ ከአሜሪካ ዘመድ የሚልከው! በየቤቱ ቁም ሣጥን ላይ አድቪልና አሊቭ በትልቅ ብልቃጥ ተቀምጧል፣ "የአሜሪካ ነው፣ አይጎዳም" እየተባለ እንደ ከረሜላ ይታደላል። አድቪል አይቡፕሮፌን ነው፣ አሊቭ ናፕሮክሲን ነው። ታይሌኖል የሚለው ካለ እሱ ፓራሲታሞል ነው፣ እሱ ይቀመጥ።

ጄንታማይሲንም አለ። የሽንት ኢንፌክሽን ነው ተብሎ ቶሎ የሚወጋ አንቲባዮቲክ ነው፣ ኩላሊትን ይጎዳል። አንዳንዴ የግድ ይሆናል፣ ሲሆን ግን መጠኑ በኩላሊቱ አቅም ተለክቶ ነው። ለጨጓራ ኦሜፕራዞልን ዓመት ሙሉ መዋጥም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሁን።

በጣም አደገኛዋ ጥምረት ይቺ ናት፦ ኤናላፕሪል ወይም ሎሳርታን፣ ሽንት የሚያሸና ክኒን፣ በላዩ ዲክሎ። ሦስቱ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ኩላሊት በድንገት ሥራ ሊያቆም ይችላል። እያንዳንዱን ያዘዘው ሰው ሌላ ስለሆነ ማንም አያየውም። አንድ ነገር አድርግ፦ አንድ ካርቶን ላይ በትልቁ "አንድ ኩላሊት ብቻ ነው ያለኝ። ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ ጄንታማይሲን ያለ ሐኪም ምክር አይሰጠኝ" ብለህ ጻፍና መታወቂያቸው ውስጥ ክተተው። ገበያ መሐል ያለው ክሊኒክ ታሪክ አይጠይቅም፣ ወረቀት ሲያይ ግን ይቆማል።

ውሃን በተመለከተ አምስት ሊትር አያስፈልግም። ካናዳ ውስጥ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ፣ ኩላሊታቸው የተዳከመ ከ600 በላይ ሰዎች በሁለት ተከፍለው ግማሾቹ ለአንድ ዓመት ተጨማሪ ውሃ እንዲጠጡ ተደረገ፣ የኩላሊታቸው መድከም ግን ከሌሎቹ አልዘገየም። ስለዚህ ጥም የሚያረካ፣ ሽንቱ ፈዘዝ ያለ ቢጫ እንዲሆን የሚያደርግ ይበቃል። ለብዙ ሰው ወደ ሁለት ሊትር ነው፣ አጨዳ ላይ ወይም ዓባይ በረሃ ሲወርዱ ይጨምሩ። ተቅማጥና ትውከት ከያዛቸው ግን ቀልድ የለም፣ ኦአርኤስ በጥብጡ፣ ኤናላፕሪል ወይም የሚያሸና ክኒን እየወሰዱ ከሆነ እስኪሻላቸው ስለማቋረጡ የዚያኑ ዕለት ሐኪም ጠይቁ።

የቡሬ ልጅ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ለእህቴ አነበብሁላት፣ የጨው ቡናው ላይ ስትደርስ ጮኸች፣ እሷ ናት የምታፈላው። አክስቴ ግን አኩርፋለች።

ሦስት ነገር ቀረኝ። አንደኛ፣ በስድስት ወሩ ሲቲ ስካን በመድኃኒት ይነሣ ብለዋል፣ መድኃኒቱ ኩላሊት ይጎዳል ሲባል ሰምቼ ፈራሁ፣ ባናስነሣውስ? ሁለተኛ፣ እርሻውና አረቄው። ሦስተኛ፣ ዲክሎውን ካስቆምነው ጉልበቱን ምን እናድርገው? ሌሊት ሲያቃስት እኔም አልተኛ።

ስም አይጠቀስ (ሐኪም ነኝ)፦

ሲቲውን እንዳትተወው። እስካሁን ሁሉም ስለ ኩላሊቷ ነው ያወራው፣ የወጣው ግን ካንሰር ነው። የኩላሊት ካንሰር ሲመለስ ብዙ ጊዜ የሚታየው ሳንባ ላይ ነው፣ አጥንትና ጉበት ላይም ይሄዳል፣ ዓመታት ቆይቶም ሊመጣ ይችላል። ቶሎ ከተያዘ የሚሠራ ነገር አለ። ጂኤፍአሩ 57 የሆነ ሰው በደም ሥር የሚሰጠውን የሲቲ መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ ያለ ችግር ይችለዋል፣ አጥብቀን የምንጠነቀቀው ከ30 በታች ሲሆን ነው። ውሃ ጠጥተው ይሂዱ፣ በዚያ ሰሞን ዲክሎ የሚባል አይንኩ፣ አንድ ኩላሊት እንዳላቸው ለሚያነሣው ባለሙያ ይነገር። ገንዘቡ ወይም መንገዱ ካልተመቸ ዝም ብላችሁ ከምትቀሩ የደረት ራጅና የሆድ አልትራሳውንድ ይበቃ እንደሆነ ሐኪማችሁን ጠይቁት። የባዮፕሲው (የወጣው ዕጢ በላቦራቶሪ የታየበት) ውጤት ኮፒ እጃችሁ ላይ ይኑር፣ ክትትሉ በየስንት ጊዜ ይሁን የሚለው ከዚያ ላይ ነው የሚወሰነው።

እርሻ ይውረዱ። መንቀሳቀሱ ለግፊቱም ለስኳሩም ጥሩ ነው። ቁስሉ በደንብ ከጠገገ በኋላ ሐኪሙ ከፈቀደ ሞፈር መያዝ ምንም አይደለም፣ ጎናቸውን በሬ እንዳይወጋቸው ብቻ፣ ገና ጨዋታም ለጎረምሶቹ ይተዉላቸው። አረቄው... የጎጃም ሰው አረቄ ተው ተብሎ እንደማይተው አውቃለሁ። ለበዓል አንድ መለኪያ አያጣላንም። በየጧቱ ከሆነ ግፊቱን ያወጣዋል፣ ፓራሲታሞሉንም ለጉበት አደገኛ ያደርገዋል። ሲጋራ ካለ ግን ዛሬውኑ ይቁም፣ ካንሰሩንም ከሚያመጡት አንዱ እሱ ነው።

ሥጋም አይከልከሉ። በኪሎ 0.8 ግራም ፕሮቲን አካባቢ ይበቃቸዋል፣ ያም ሽሮና ምስር ተቆጥሮ ነው፤ በየቀኑ ቁርጥ ከሌለ ብዙ መጨነቅ የለም። ሙዝና ቲማቲም የሚከለክሏችሁ ካሉ ደግሞ ፖታሺየሙ ከፍ ሳይል አይከለከልም በሏቸው።

ለጉልበቱ ፓራሲታሞል ይሞከር፣ አንድ ጊዜ ሁለት ባለ 500፣ በቀን ከስምንት ክኒን በፍጹም እንዳያልፍ፣ አረቄ የሚደጋግሙ ከሆነ ከዚያም በጣም ያነሰ። የሚቀባ ዲክሎፌናክ ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ስለሆነ ከመርፌው ይሻላል፣ እሱም ቢሆን በሐኪም ምክርና ለአጭር ጊዜ ነው። ከሁሉ በፊት ግን ጉልበቱን የሚያይ ሰው ይየው፣ ማንም ሳያይ ነው እስካሁን ሲወጉ የኖሩት። የመገጣጠሚያ መበላት ከሆነ ጭኑን የሚያጠነክር እንቅስቃሴና ምርኩዝ ይረዳል። በድንገት ቀልቶ የሚያብጥ ከሆነ ሪህ ሊሆን ይችላል፣ የሪህ መድኃኒቶች ደግሞ መጠናቸው በኩላሊቱ ልክ ነው የሚታዘዘው፣ ስለዚህ የጂኤፍአሩን ቁጥር ይዛችሁ ግቡ።

አንድ ነገር ረስታችኋል፣ በዚህ ዕድሜ ያሉ ወንዶች ፕሮስቴት ያስቸግራቸዋል። ሽንት ቀጥ ካለ፣ ወይም በቀረው ኩላሊት በኩል ጎናቸውን አጥብቆ ከያዛቸው ወይም ሽንት በጣም ካነሰ፣ ጠጠርም ይሁን ሌላ፣ መውጫው ሲዘጋ የሚተካ ሌላ ኩላሊት የለም። ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው፣ ፈለገ ሕይወትም ጥበበ ጊዮንም ማርቆስም የሚቀርባችሁ የትኛውም ይሁን፣ እስኪነጋ አትጠብቁ።

ባለ አንዷ፦

ዶክተር እግዜር ይስጥልኝ። የቡሬ ልጅ፣ ለአክስትህ ያን ከስም አይጠቀስ የመጣውን አንብብላት፣ ከኔ ይልቅ እሱን ትሰማለች። ያለ ጨው የሚፈጨውን በርበሬ ልክ ከፈለጋችሁ እህትህ ትጻፍልኝ።